ቀጭኑ የሱፍ ካናቴራ

በደርግ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ስፖርተኛ ይሁን ተባለ። እሁድ እሁድ ማለዳ ከፒያሳ ተነስተን፣ በአራት ኪሎ አድርገን ጃን ሜዳ ድረስ እንሮጥ ነበር። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ቀረ እንዳይባል ፈርቶ ነው። እኔ ግን ወደድኩት። ቀኑን ሙሉ የጽሕፈት መኪና ላይ ተጎንብሼ የምውል ሴት ነበርኩ፤ እግሬ ለካ እንዲህ ይታዘዘኛል ብዬ ተገረምኩ።

ችግሬ ላብ ነው። ሌላው ሰው ግንባሩ ወዛ ሲል እኔ ዝናብ የደበደበኝ እመስላለሁ። አንድ እሁድ ከውስጥ የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ መሥሪያ ቤቱ የሰጠንን ስስ ነጭ ማልያ ለብሼ ሮጥኩ። ጃን ሜዳ ስንደርስ ሁለቱም ገላዬ ላይ ተለጥፈው የጡት መያዣዬ ስፌት ሳይቀር ይታያል። ቀድሞ ያየው ከሂሳብ ክፍል የሆነ ቀልደኛ ነው።

"ጓዶች፣ መጋረጃው ተከፍቷል፤ ፊልሙ ሊጀምር ነው!" አለ። ወንዱ ሁሉ ሳቀ። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ ቤት እስክገባ አላወረድኩም። ከዚህ የባሰ እፍረት የለም ብዬ ነበር፤ ምኑን አውቄ!

ሩጫውን ልተወው ወሰንኩ፤ ሳምንቱ ሳያልቅ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። በዚህ ምክንያት ስለ ጨርቅ መመራመር ጀመርኩ። ናይለን ውኃ አይጠጣም ሲሉ ሰምቼ ናይለን ሞከርኩ። እውነት ነው፣ አይጠጣም፤ ላቡን ግን የትም አይሰደውም፣ እዚያው ቆዳዬ ላይ ያንቆረቁረዋል። ሽታውማ አይወራ። ሌላ ጊዜ ሁለት የጥጥ ካናቴራ ደረብኩ። ሁለቱም ረጠቡ፤ በላብ ላይ ነፋስ መታኝና እናቴ ዳማከሴ እያሸች ስታጠጣኝ ሰነበተች።

በመጨረሻ መላ ያገኘችልኝ መሥሪያ ቤት አብራኝ የምትጽፍ፣ ባሏ ብስክሌት ይወዳደር የነበረ ሴት ናት። "ጥጥ ላብ ጠጥቶ አይለቅም" አለችኝ በጆሮዬ። "ቀጭን የሱፍ ካናቴራ፣ ገላሽ ላይ ልክክ የሚል ነው የሚያስፈልግሽ። ላቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ቢርስም አይበርድሽም። የሴት አታገኚም፣ የወንድ ግዢ።"

የወንድ የውስጥ ልብስ! ፒያሳ ላይ ሱቁ ሞልቷል፤ ግን ከየባንኮኒው ኋላ የቆመው ወንድ ነው። በመስታወቶቹ ፊት ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁና በመጨረሻ አንድ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጎረቤታችን ሱቅ ገባሁ። ከወሎ መጥተው ብዙ ዘመን እዚያው የነገዱ ሽማግሌ ናቸው። ቢያንስ እሳቸው አይቀልዱብኝም አልኩ።

"ጋሼ፣ የወንድ የሱፍ ካናቴራ አለዎት?" አልኳቸው መሬት መሬት እያየሁ።

ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አለ ልጄ፣ እንዴት ይጠፋል!" ከላይኛው መደርደሪያ ሁለት አውርደው ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ስስ ነው። "ወፍራሙን ውሰጂለት። ለሲሚንቶ የሚሆነው እሱ ነው።"

እስካሁን ስለ ወንድሜ አላነሳሁም። ያኔም እንዲሁ ነበርኩ፤ በሐሳቤ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ከታሰረ ዓመት አልፎት ነበር፤ በምን እንደታሰረ የነገረን የለም። ሰፈሩ ሁሉ መታሰሩን ያውቃል፣ የሚያወራ ግን አልነበረም። ማክሰኞ ማክሰኞ ምግብ የማደርስለት እኔ ነኝ። ሲሚንቶ ላይ እንደሚተኛ አውቃለሁ። እዚያ ቆሜ የማወራለት ግን ስለ እሁድ ሩጫዬ ነበር። ያን ያህል ጊዜ ጥጥ፣ ናይለን፣ ሱፍ እያልኩ ስመራመር እሱ ከሸሚዙ ሥር ምን እንደለበሰ ጠይቄው አላውቅም። እኚህ ሰው ግን የወንድ ሱፍ ስል ገና ያሰቡት እሱን ነው።

ለራሴ ነው ማለት ነበረብኝ። እንዴት ብዬ? ለእኚህ አባት የደረቴን ጉዳይ እንዴት አድርጌ ላንሳ? አፌን ስከፍት ደግሞ የወጣው የባሰ ነበር።

"ቀጭኑ ይሻለዋል" አልኩ።

"ቀጭኑ? ክረምቱ እየመጣ፣ ልጄ?"

"እሱን ነው የሚወደው።"

ጠቀለሉልኝ። ቦርሳዬን ስከፍት እጄን ያዙኝ። "ተይው። አላህ ያስፈታው። ማንም ከየት አመጣሽ ብሎ ቢጠይቅሽ ግን ከእኔ እንዳትይ" አሉኝ።

እሁድ ለብሼው ሮጥኩ። እንደዚያ ያለ ልብስ ለብሼ አላውቅም፤ ላቡ እየወጣ ይሄዳል፣ ደረቴ አልረጠበም፣ ነፋሱም አልተሰማኝም። ቀልደኛው አየኝና ፊቱን አዙሮ ሮጠ። ከደስታዬ ብዛት ልዘፍን ምንም አልቀረኝም ነበር። ቤት ገብቼ ሳወልቀው ግን ፊቴን በመስታወት ማየት አስጠላኝ። ያን ዕለት አጥቤ አሰጣሁት፤ ማክሰኞ ከምግቡ ጋር ይዤው ሄድኩ።

ከእስረኞቹ ጋር የምንተያየው ገመድ ተዘርግቶ ወዲያና ወዲህ ቆመን ነው። ዘበኛው የምግብ ዕቃውን ፈትሾ፣ ካናቴራውን አራግፎ ለወንድሜ ሰጠው። ወንድሜ ክፉኛ ከስቷል። ድሮ የሰፈራችን ኳስ ተጫዋች ነበርና ጨርቁን በጣቶቹ አሸት አሸት አድርጎ ሳቀ።

"አቦ፣ ይቺ እኮ የስፖርተኛ ናት! ላብ የሚባል አታስቀምጥም። ከየት አገኘሻት?"

"ላንተ ነው የገዛሁት" አልኩ። "ለብርዱ።"

"ለብርዱ ሌላ ጊዜ ወፍራም ታመጪልኛለሽ። ይቺን ለሩጫሽ አድርጊያት፣ አንቺ ነሽ የምትፈልጊያት" አለና ለዘበኛው መለሰለት። "እኔ እዚህ ተቀምጬ ምን ያልበኛል?"

ዘበኛው ካናቴራውን በገመዱ ላይ አሻግሮ ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት።