የሻዊሹ ኮከብ

ሰማይ ላይ ታየ ስለሚባል ነገር ሰው ሲያወራ ዝም ማለት እወዳለሁ። ካየው ይልቅ የሚያወራው ይበዛል። ይሄኛውን ግን ከሁለት ፖሊሶች ጋር ቆሜ አይቼዋለሁ፤ አንደኛው ፖሊስ እንጀራውን ስላጣበትና በዚያም የእኔ አፍ ስላለበት፣ እንደሆነው አድርጌ ብጽፈው ይሻለኛል።

በመተማ በኩል ሱዳን ከገባሁ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ከሾዋክ ወጣ ብሎ፣ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው አስፋልት ላይ ካለች ኬላ የጫኝና አውራጅ ሥራ አገኘሁ። ሰሊጥና ማሽላ የጫነ መኪና ለፍተሻ ሲቆም ጆንያ አወርዳለሁ፤ ፈትሸው ሲጨርሱ ያንኑ ጆንያ መልሼ እጭናለሁ። ከዚህ የበለጠ ከንቱ ልፋት እስከ ዛሬ አልገጠመኝም፤ ግን ያበላ ነበር። አረብኛዬ «ላ» እና «ወላሂ» ብቻ ነው፤ «አይደለም» እና «በአላህ» እንደማለት። በሁለቱ ቃላት የማይናቅ መንገድ ይኬዳል።

ኬላውን የሚጠብቁት ሁለት ፖሊሶች ናቸው። አንዱ ሻዊሽ ነው፤ እኛ ሃምሳ አለቃ የምንለው። ጸጉሩ የሸበተ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ከኬላው ዳስ ሥር እንድተኛ የፈቀደልኝ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት የፉል ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ ያደርግና በአገጩ «ብላ» ይለኛል። ባልደረባው እኩያው ነው። ዓመታት አብረው እንደሠሩ ከሁኔታቸው ያስታውቃል፤ ከአንድ ጣሳ ይጠጣሉ፣ ጎን ለጎን ይሰግዳሉ።

አንድ ቀን የመግሪብ ሶላት ሰግደው ምንጣፋቸውን ሲያጥፉ፣ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከምሥራቅ በኩል ብርሃን መጣ። አረንጓዴ የነካካው ነጭ ነው። የጆንያዎቹ ጥላ መሬት ላይ ሲዞር አየሁ። ድምፅ አልነበረውም። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ፋው ከተማ አቅጣጫ ሄደና ሦስት ቦታ ተቆራርሶ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ከሩቅ ጉርምርምታ ተሰማ።

ሻዊሹ «ሙሰየራ!» ብሎ ጮኸ። ድሮን ማለቱ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት። በጦርነት አገር በሰማይ የሚበር እሳት ሌላ ስም የለውም። ሁለቱም በደረታቸው ተደፉ፤ ባልደረባው እንዲያውም አፈር እስኪቅም ድረስ ፊቱን ቀበረ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ጀግንነት አይደለም፤ በልጅነቴ ኮከብ ሲወረወር ስንቴ አይቻለሁ፣ ይሄ ተለቅ ያለ መስሎኝ ነው። «ኮከብ ነው» አልኩ፣ ለራሴ።

ሻዊሹ ተነሥቶ በሬዲዮው አለቆቹን ጠራ። መንገዱ ተዘጋ፤ መኪናው ተደርድሮ አደረ። ወታደሮች መጥተው የማሽላውን ማሳ ሲያስሱ አድረው ከአንድ የተቀደደ ጎማ በቀር ምንም አላገኙም።

ጠዋት አንድ መኮንን መጣ። እንቅልፍ ያጣና የተቆጣ ሰው ነው። ሻዊሹ እጁን ወደ ሰማይ እያወናጨፈ ያስረዳዋል። ባልደረባው ራቅ ብሎ አጎንብሶ የጫማውን ክር ያስራል። በኋላ እንደተረዳሁት መኮንኑ «ሌላ ያየ ሰው ካለ አምጣ፤ ከሌለ በሐሰት መንገድ ዘግተሃልና የደንብ ልብስህን ታስረክባለህ» ብሎት ኖሯል። ሻዊሹ መጥቶ ክንዴን ያዘኝና መኮንኑ ፊት አቆመኝ። ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ጠየቀኝ።

«ሹፍታ? ኢንታ ሹፍታ?»

እኔ የሰማሁት «ሽፍታ» ነው። በእኛ ሰፈር ይህ ቃል የሚቀለድበት አይደለም። ለሽፍታ እህል ሰጥተሃል የተባለ ጎረቤታችን የፊጥኝ ታስሮ ሲወሰድ አይቻለሁ። አሁን መሣሪያ የታጠቀ መኮንን ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ፖሊስ ክንዴን ጨብጦ «አንተ ሽፍታ ነህ?» ሲለኝ ነፍሴ ተጨነቀች። ወደ ላይ የተቀሰረችው ጣትም «በፈጣሪ ማል» የምትል መሰለችኝ።

«ላ!» አልኩ። «ላ! ላ! ወላሂ ላ!»

መኮንኑ ሳቀ። ሻዊሹ ክንዴን ለቀቀኝ። አስተያየቱ ቁጣ አልነበረበትም፤ ክው ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ ከገመድ የተረፍኩ መስሎኝ ተመስገን አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሻዊሹን ከኬላው አነሱት። በቦታው የተተካው ሰው ከዳሱ ሥር አባረረኝና ወደ ፋው ወርጄ ጥጥ ለቀማ ገባሁ።

ፋው ላይ አብሮኝ የሚለቅም፣ ሱዳን ብዙ ዓመት የቆየ የአርማጭሆ ሰው ነበር። አንድ ቀን ምሳ በልተን ስንነሣ፣ «ስልኬን ሹፍታ?» አለኝ።

«የምን ሽፍታ?» ብዬ ብድግ አልኩ።

«ምን ሁነህ ነው አንተዬ! ሹፍታ እኮ አየህ ወይ ማለት ነው፣ በአረብኛ።»

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ታሪኩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ምነው ሽፍታ በሆንህና ባረፍኸው!» አለኝ። ከዚያ የቀረውን እሱ ነገረኝ። ያንን ብርሃን ከከሰላ እስከ ፋው ያላየ የለም። የሰማይ ነገር የሚያጠኑ ሰዎች ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ነው፣ አየር ውስጥ ሲገባ ነዶ ነው ብለው በሬዲዮ አስረድተዋል። ለኮከብ መንገድ ስለዘጋው ሻዊሽም ቀልድ ወጥቶለታል፤ ትከሻው ላይ ኮከብ ቢያጣ ከሰማይ አወረደ ይሉታል። ኮከብ በአረብኛም «ከውከብ» እንደሆነ የሰማሁት ያኔ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች የሚጋሯትን ቃል ለራሴ አንሾካሹኬ፣ ለማይጋሯት ግን መኮንኑ ፊት «ላ» ብዬ መለስኩ።

አፈርኩ። ፉሉን ያካፈለኝን ሰው ውሸታም አሰኘሁት። ጥጡን ስለቅም ያው ነገር ይመጣብኛል፣ ስተኛም ያው። ለቀማው ሲያልቅ ሌላው ወደ ገዳሪፍ ሲሄድ እኔ ወደ ሾዋክ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ጠያይቄ አገኘሁት። ጡረታው ቀርቶበት የሰሊጥ መጋዘን ይጠብቃል። ከበሩ ጥላ ሥር አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። በተሰባበረ አረብኛዬ የሽፍታን ነገር አስረዳሁት። መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ታዲያ አይተሃል?» አለኝ።

«አይቻለሁ፣ ያ ዓም» አልኩት፤ አጎቴ ሆይ እንደማለት ነው።

«ምን አየህ?»

የብርሃኑን ቀለም ነገርኩት። የጆንያዎቹ ጥላ እንዴት እንደዞረ፣ የት ጋ እንደተቆራረሰ፣ ጉርምርምታው ስንት ቆይቶ እንደመጣ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያዳመጠኝ። «እንደሱ ነበር» አለ።

«እንግዲያው አሁኑኑ ቢሮ እንሂድና ልመስክርልዎ» አልኩት። ሬዲዮው ከተናገረ ወዲህ ማን ይከራከራል ብዬ ነው።

«የሬዲዮውን እኔም ይዤ ሄጄ ነበር። የተጻፈ ተጽፏል አሉኝ።»

«እኮ፣ እኔ ያልኩትን ላስፍቀው።»

«ያንተን ቃል ማን ጻፈው ልጄ? ወረቀት የሌለው ሐበሺ ምስክር አይሆንም። መኮንኑ ስቆብህ አለፈ፣ በቃ።»

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። ስንት ወር የተሸከምኩት በደል ከቁጥር አልገባም።

«ታዲያ የማንን ቃል ጻፉ?»

«የባልደረባዬን። ሲጠይቁት፣ አላየሁም አለ።»

አጠገቡ አፈር ቅሞ የተኛው ሰው ትዝ አለኝ።

ሻዊሹ አልጋው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። «አንተስ ቋንቋ አጥተህ ነው» አለኝ። «እሱ አረብኛ ያውቃል።»