ፈረሰኛውን ፍለጋ በሁለት ፍላሽ

ከአዲስ አበባ የተነሳነው በሰባዎቹ መጀመሪያ፣ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ላንድሮቨሩን የያዘው ጋሽ በላቸው ነበር፤ የቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤታችን አንጋፋ ሹፌር፣ በየመንገዱ የማያውቀው ሻይ ቤት የሌለ ሰው። እኔ ከጎኑ የካሜራ ሻንጣዬን እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

የምሄደው ጥፋቴን ላቃና ነው። ባለፈው ዓመት በብልባላ አቅራቢያ ያለች አንዲት ከዓለት የተፈለፈለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጧን ፎቶ እንዳነሳ ተልኬ ነበር። ጣሪያዋ ያፈስሳል፤ ውኃው በመቅደሱ አጠገብ ያለውን ግድግዳ እየላጠው ነው። ግድግዳው ላይ የፈረሰኛ ሰማዕት ቅርጽ አለ ብለው የቤተ ክርስቲያኗ አለቃ ነግረውኝ ነበር። እኔም ካሜራዬ አናት ላይ ባለው አንድ ፍላሽ ፊት ለፊት አነሳሁት። ፎቶው ሲታጠብ ነጭ፣ ልሙጥ ግድግዳ ብቻ ወጣ። የጥገና ኮሚቴው ያንን ፎቶ አይቶ "ምንም ቅርጽ የሌለበት ተራ ግድግዳ ነው፤ በሲሚንቶ ይለሰን" ብሎ ወሰነ።

ከገና በኋላ ከአለቃው ደብዳቤ መጣ። "ፈረሰኛው አለ" ይላል። "በኅዳር ሰሞን ለጥቂት ቀን፣ ጠዋት ጀንበር በመቅደሱ መስኮት ገብታ በበሩ ስትወጣ በግልጽ ይታያል። ከፊት የመጣ ብርሃን አያወጣውም። የሚያይ ሰው ላኩልን።" ደብዳቤውን ሳነብ ፊቴ ጋለ። የመሥሪያ ቤት አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ልመለስ አልኩት። ግንበኞቹ ከመድረሳቸው በፊት ከደረስሽ ሂጂ አለኝ።

ደሴና ወልዲያ

ጣርማ በር ላይ ጉም ውጦን በዝግታ አለፍን። ከመንገዱ ዋሻ ስንወጣ ጋሽ በላቸው አማተበና "አሁን ወሎ ሸተተኝ" አለ፤ እሱ የሐይቅ ልጅ ነው። ደሴ አደርን። አልጋው ሁለት ብር፣ የጾም በያይነቱ ሰባ አምስት ሳንቲም። ሽሮው እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል፤ ወይ ሽሮው እንዲያ ነበር፣ ወይ እኔ ልጅ ነበርኩ። ትርፍ የፍላሽ ባትሪ ከሱቅ ሱቅ ብንጠይቅ አጣን። ማክሰኞ ማታ ወልዲያ ገባን።

ኬላው

ረቡዕ ጠዋት ቻይኖች በሠሩት መንገድ ሽቅብ ስንወጣ ኬላ ላይ አስቆሙን። የኬላው ኃላፊ ጠብመንጃ ያነገተ፣ ፂሙን በጥንቃቄ የተላጨ ጎልማሳ ነበር። የይለፍ ወረቀታችንን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ከዚያ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። እጁ ያረፈው አንቴና ባላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን ላይ ነው።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"የፍላሽ ማስነሻ ናት፣ ጓድ። ከውጭ በእርዳታ የመጣች ናት።"

"አንቴና አላት።"

"አዎ፣ በሬዲዮ ነው የምትሠራው።"

ይህን ባልል ይሻለኝ ነበር። ጋሽ በላቸው ዓይኑን ጨፈነ። ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከማን ጋር ነው የምትነጋገሪባት?" አለኝ።

"ከመብራት ጋር" አልኩት፤ ሌላ የማስረዳበት ቃል አጣሁ።

ከመኪና አስወርዶ ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አቆመን። ስልክ ለመደወል ሞከረ፤ መስመሩ እንቢ አለ። በመጨረሻ ጋሽ በላቸው "ጓድ፣ ለምን በዓይንህ አታያትም?" አለው። የማስነሻዋን ጥንድ፣ ምልክት ተቀባዩን ሳጥን፣ ዘንድሮ ጨምሬ ከያዝኩት ሁለተኛ ፍላሽ ጋር አገናኝቼ ለኃላፊው አስያዝኩትና ከጎጆው ጀርባ እንዲቆም ነገርኩት። እኔ በፊት በኩል ሆኜ ባለ አንቴናዋን ላኪ ተጫንኩ። ከጎጆው ጀርባ "ወይኔ!" የሚል ጩኸት ሰማን። ተመልሶ ሲመጣ ግን ጥርሱ ሁሉ ይታያል። "ድገሚው!" አለኝ። ደገምኩት። ባልደረቦቹን ጠራና ለእነሱም አሳዪ አለ። አሥር ጊዜ ሳያስበርቀኝ አልቀረም። "በሉ ሂዱ፤ ይቺስ ወሬ አታወራም" ብሎ ማገጃውን ሲያነሳልን ብዙዎቹ ባትሪዎቼ ደክመው ነበር።

ከላሊበላ ወደ ብልባላ

ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወርደው መንገድ መንገድ አይባልም፤ ድንጋይ ነው። ማታ ገባንና መኪናውን እዚያው ትተን ሐሙስ ጠዋት ሁለት በቅሎ ተከራየን፤ በቅሎዋ በቀን አምስት ብር ከነነጂዋ። ጋሽ በላቸው በበቅሎ ላይ እንደ መሪ ጨባጭ ቀጥ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ቁልቁለት ሲመጣ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል።

የገብሱ አዝመራ ከተሰበሰበ ቆይቷል፤ ማሳው እስከ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ድረስ ጠጉሩን እንደተላጨ ራስ ተራቁቷል። ጠጅ ሣር የበቀለበት ምንጭ ዳር አረፍ ብለን ቆሎ ቆረጠምን። እዚያ ሳለን አራት አህዮች የሚነዱ ሁለት ሰዎች ደረሱብን። የየአህያው ጭነት አንድ ግራጫ ከረጢት ነው።

"እንዴት ዋላችሁ?" አልናቸው። "ምን ጭናችኋል?"

"ሲሚንቶ ነው እታለም። ለቤተ ክርስቲያን ጥገና።"

"ለየትኛዋ?"

ስሟን ሲነግሩኝ ቆሎው አፌ ውስጥ ደረቀ። ግንበኛው መቼ እንደሚደርስ ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ ነው አሉኝ። ነገ ዓርብ ነው። ጋሽ በላቸው ቆሎውን ወደ ኪሱ መለሰና በቅሎዋ ላይ ወጣ።

ብልባላ ስንደርስ አለቃው አባ ወልደ ሰንበት ከከሰዓት በኋላው ቅዳሴ ወጥተው ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩኝ።

"አንቺው ነሽ?"

"እኔው ነኝ አባ።"

"እኔኮ የሚያይ ሰው ላኩ ብዬ ነው የጻፍኩት።"

"ያ ፎቶ የኔ ነው አባ። ስለዚህ እኔው መጣሁ" አልኩ። "ይሁን። ያበላሸ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ግቢ፣ ደክሞሻል" አሉኝ። ማታ የባቄላ ወጥ በገብስ እንጀራ አበሉን፤ ጋሽ በላቸው ሦስት ጣሳ ጠላ ጠጣ።

ዓርብ ጠዋት

በጾሙ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ጭር ያለ ነው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ የእርጥብ ድንጋይና የጧፍ ሽታ ተደባልቋል። አባ እጄን ይዘው ግድግዳው ላይ አሳረፉት። "ይቺ የፈረሱ አንገት ናት። ይኼ ልጓሙ። ዲያቆን ሆኜ ዘወትር እዳብሰው ነበር።" ድንጋዩ ከጣቴ ሥር ከፍ ዝቅ ሲል ተሰማኝ። ባለፈው ዓመትም እንዲሁ ሊያሳዩኝ ሲሉ "አይጨነቁ አባ፣ ፍላሽ አለኝ" ብያቸው ነበር።

አሁን ነገሩ ገብቶኛል። ቅርጹ እጅግ ስስ ነው፤ ከፊት የሚመጣ ብርሃን ጥላ ስለማይፈጥር ያጠፋዋል። ሁለተኛው ፍላሽ የኅዳር ጀንበር በምትመጣበት በኩል፣ ከመቅደሱ በር ላይ ሆኖ በግድግዳው ጎን መብረቅ አለበት። የፊቱ ፍላሽም ቢሆን በትንሹ ያስፈልገኛል፤ ያለሱ ጥላው ድፍን ጨለማ ይሆናል። ችግሩ፣ መቅደሱ የካህናት ብቻ ነው፤ እኔ በሩ ላይ መቆም አልችልም።

"መብራቱን ከካሜራሽ የምታገናኚበት ረጅም ገመድ አለሽ?" አሉኝ አባ።

"የለኝም። ቢኖርስ ይፈቅዱልኛል?"

"ገመድ መቅደስ አይገባም" አሉ ፈጥነው። ትንሽ አሰቡና "ብርሃን ግን ይገባል። እኔ እይዝልሻለሁ" አሉ።

ፍላሹን ከተቀባዩ ጋር ሰጠኋቸው። እንደ ጧፍ በሁለት እጃቸው ይዘው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ገቡ፤ ከወፍራሙ ዓምድ ጀርባ ስለሆኑ አላያቸውም። እኔ ካሜራዬን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆምኩ። የካሜራው አናት የፍላሽ መቀመጫ አንድ ብቻ ነው፤ እዚያ የፊቱን ፍላሽ አስቀመጥኩ። ላኪዋን በካሜራው ጎን በቁስል ፕላስተር አሰርኳትና አጭር ሽቦዋን በጎን ባለችው ቀዳዳ ሰካሁ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲበርቁ ነው።

ተጫንኩ። የፊቱ ብቻ በረቀ።

"አልበረቀም ልጄ!" አሉ አባ ከውስጥ።

ደግሜ ተጫንኩ። እንደገና የፊቱ ብቻ። የፍላሹ ቀይ መብራት ኃይል ሞልቶ እስኪበራ አሁን ከበፊቱ እጥፍ ይቆያል። ሦስተኛው ላይ ላኪዋን እያየሁ ስጫን ሽቦው ከቀዳዳው ሲንሸራተት አየሁት፤ ቀዳዳዋ ከማርጀቷ ብዛት ሰፍታለች። ፕላስተሩን ብጨምርበት ይላቀቃል፤ በጣቴ ብይዘው ካሜራው ይነቃነቃል። ጋሽ በላቸው "ሽቦውን ልያዝልሽ?" ቢለኝም የሱም እጅ ከእኔው አይሻልም።

"ምን ሆነ?" አሉ አባ።

"ሽቦው አይረጋም፣ ሰፍቶታል አባ።"

"ሰም አጣብቂበት። እዚያ መቅረዙ ሥር የተራረፈ ጧፍ አለ።"

ጋሽ በላቸው ቁራጭ ጧፍ አነሳና በክብሪት አሞቀው። ለስላሳውን ሰም በሽቦው ዙሪያ ጠቅጥቄ በጣቴ ደፈጠጥኩት፤ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። አባ ሳይቀመጡ፣ ፍላሹን ሳያወርዱ ይጠብቃሉ። ከዓምዱ ጀርባ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው።

ቀዩ መብራት በራ። ተጫንኩ።

ሁለቱም በረቁ። በዚያች ቅጽበት ግድግዳው ላይ ፈረስ ቆመ። አንገቱን የቀለሰ፣ ጋማው የተጎነጎነ፣ ከላዩ ጦር የጨበጠ ፈረሰኛ። ጋሽ በላቸው "እመቤቴ ድረሽ!" ብሎ ተንበረከከ። እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜ ማልቀሴን ያወቅኩት ዓይኔ ማየት ሲያቅተው ነው።

"ታየ?" አሉ አባ። እሳቸው ካሉበት ግድግዳው በጎኑ ብቻ ስለሚታይ ቅርጹ አይለይም።

"ታየ አባ! ጦሩ ወዴት ያመለክታል መሰልዎ? ወደ ታች፣ ወደ ጥግ። ከጥጉ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ሰው ይመስላል።"

ከዚያ አባ ወጡ። "ሌላ ሰው?" አሉ። "በኅዳር ጀንበሯ ጥጉ ድረስ አትደርስም።" በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ይመለከት የነበረውን ሌላ ካህን፣ ቄስ አዳነን ጠሩና ፍላሹን ሰጡት። "አንተ ግባና ያዝ። እኔም ልይ" አሉ። ባትሪው ሁለት ጊዜ ካስበረቀ ትልቅ ነገር ነው፤ ያም ለፎቶው ያስፈልገኛል። ነገርኳቸው። "እንግዲያ ፎቶ ስታነሺ አያለሁ" ብለው ከጎኔ ቆሙ፤ ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተከሉ።

ስጫን ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ መለስ አደረጉ።

"ሴት ናት" አሉ። "እጇን ዘርግታ አድነኝ ብላ የምትለምን ሳይሆን... የፈረሱን ልጓም የያዘች። እዚህ ስድሳ ዓመት ቆሜያለሁ፤ እሷን አላውቃትም ነበር።"

አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ በረቀ። ከዚያ ቀዩ መብራት ብንጠብቀው ብንጠብቀው አልበራ አለ። ሦስት ፎቶ ይዤ ወጣሁ። አህዮቹ ሲሚንቷቸውን ቅጥሩ ሥር አራግፈው ቆመዋል።

አባ ግንበኛውን በራሳቸው ኃላፊነት እስከ ፋሲካ እንደሚያቆሙት ነገሩኝ። "ይቆጡኛል፤ ግን ሽማግሌ ምን ያደርጉታል?" አሉ። ሲሸኙኝ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝና ራሴን ባረኩ።

መመለስ

ረቡዕ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። እናቴ በር ላይ አይታኝ "ፊትሽ አመድ መስሏል" አለችኝ፤ እኔ ግን ሳልታጠብ ፎቶ ወደማጥብበት ጨለማ ክፍሌ ሄድኩ። ወረቀቱ በመድኃኒቱ ውስጥ ሲዋኝ መጀመሪያ የወጣው የፈረሱ አንገት ነው።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት የአምናውንና የዘንድሮውን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ሰብሳቢው ተራ በተራ አያቸውና "ይሄኛውን ባዶ ግድግዳ ያነሳው ማን ነበር?" አለ። ክፍሉ ውስጥ ስሜን የማያውቅ አልነበረም፤ ግን እኔው እንድናገረው ጠበቁኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። "አለቃው ነግረውኝ አልሰማኋቸውም።" ሰብሳቢው አልተቆጣኝም። ልስኑ ተሰርዞ ከጣሪያው ላይ የውኃ ማውረጃ እንዲሠራ ጻፉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ዞርኩ፤ ከዚያች ቀን የበለጠ ብዙ ፍላሽ፣ የተሻለ ካሜራ ያዝኩ። ያኔ ግን አንድ ልማድ ያዝኩ፤ እስከ ዛሬ አልተወኝም። የማላውቀው ቦታ ስደርስ ሻንጣዬን ሳልከፍት እዚያ የሚኖረውን ሰው አጠገቡ ተቀምጬ እጠይቃለሁ፦ "እርስዎ በደንብ የሚያዩት መቼ ነው? ብርሃኑስ ከወዴት ሲመጣ?" መልሱን እስኪጨርሱልኝ ድረስ አልነሳም።