ከድር መቀሱን የሰጠ ቀን

መጀመሪያ የጠፋው የባሌ እንቅልፍ ነው። ከድር ሸማ ተራ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ በርበሬ በረንዳ ቅመም እሸጣለሁ። ጎህ ሳይቀድ ይነቃና ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ቀጥሎ ምግብ ተወ። ከዚያ ጨዋታ ተወ። ጨጓራ ነው ብለን የጨጓራ መድኃኒት ዋጠ፤ ዓይነ ጥላ ነው ሲሉን ቁርኣን አስቀራንበት። ለውጥ የለም። "ምን ሆነሃል?" ስለው "ደክሞኛል" ይላል። የኢድ ገበያ ደርሶ ሰው ሲጋፋ፣ እሱ ስፌት መኪናው ፊት እጁን አጣምሮ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወልዴ እኔ ጋ መጡ። ከከድር ጎን የሚሰፉ አዛውንት ናቸው፤ በገበያ ቀን ቦታቸውን ትተው አያውቁም።

"ዘሀራ፣ ከድር መቀሱን ሰጠኝ" አሉ። "ያንን የአባቱን። ከእንግዲህ እርስዎ ይሥሩበት አለኝ። ደግሞ ዛሬ ፊቱ ፈካ ብሏል። እሱ ነው ያስፈራኝ።"

በርበሬውን ሳልከድን ሄድኩ። ከድር አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?"

"አዎ" አለ። አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። እጁን ያዝኩት። አልለቀቅኩትም።

ጋሼ ወልዴ ታክሲ ጠሩ፤ ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። የአእምሮ ሐኪሟ ለብቻው አነጋግራው ስታበቃ እኔን ጠራችኝ።

"ከባድ ድባቴ ነው፤ ዲፕሬሽን የምንለው። በሽታ ነው እንጂ የኢማን ማነስ አይደለም። ይታከማል።"

"ጠይቄው ሐሳቡን ያስገባሁበት እኔ እሆን?"

"አይደለም። መጠየቅሽ እንዲናገር ረዳው። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል። እስከዚያ ብቻውን አይሁን። ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ሁሉ ከቤት ይውጣ።"

ቤት ከተመለስን በኋላ እሱን ስጠብቅ እኔ አለቅሁ። መታጠቢያ ቤት ከቆየ በሩን አንኳኳለሁ። መድኃኒቱ አፉን ሲያደርቀው "ልተወው" አለ፤ ተመልሰን ሄደን መጠኑ ተስተካከለ። የሸማ ተራ ልብስ ሰፊዎች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እየተፈራረቁ ቤታችን ይመጡ፣ ስለ በሽታው አንዲት ቃል ሳያነሱ በኳስ ሲከራከሩለት ይውሉ ነበር። ወደ ሥራው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ አንድ ቀን ባልደረባው የቀሚስ ጥለት አጣሞ ሲሰፋ አይቶ "ኧረ ፍታው፣ ምን ጉድ ነው!" ብሎ ሲቆጣ፣ ሁሉም ሥራቸውን ጥለው ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ ብለው ነገሩኝ።

ዛሬም ክትትል ላይ ነው። ክፉ ቀን አለው፤ እኔም ድካሜ አልወጣልኝም። ሐኪሟ "አንቺስ እንዴት ነሽ?" ብላ ስትጠይቀኝ ነው ለራሴም ማልቀስ የቻልኩት፤ አላህ ያክብራት። አስታማሚዎች፣ ለብቻችሁ አትሸከሙት። የሚወደውን ዕቃ የሚያድል፣ የሚሰናበት፣ ከጭንቀት በኋላ ድንገት ቀለል ያለው ሰው ስታዩ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" ብላችሁ ሳትፈሩ ጠይቁት፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ አትለዩት። ሐሳቡ የመጣባችሁ እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ።

ጋሼ ወልዴን ስመርቃቸው "ምን አደረግኩ? መጥቼ ነገርኩሽ እንጂ" ይላሉ። እኔም የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ሄዳችሁ ንገሩ።