ንጹሕ ምራቅ

ልጄ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ሦስት ቀን ሲቀራት፣ በጤና ጣቢያው ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጡኝ። ሳል ከጀመረኝ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። የመረመረኝ ሰው ጀርባዬን ካዳመጠ በኋላ፣ «ሳንባ ነቀርሳ አለመሆኑን ማየት አለብን» አለኝ። «ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ አክታሽን በዚህ ይዘሽ ነይ። ውጤቱ እስኪታወቅ ጭምብል አድርጊ፤ ጡቱን ግን እንዳታቋርጪ።»

«ከሆነስ፣ ልጅቷ?»

«ከሆነ እሷም ትታያለች።»

ዕቃዋን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ባጃጅ ተሳፈርኩ። በመንገድ ላይ ምን አስቤ እንደነበር ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ምንም የለም። የባጃጁ መጋረጃ በነፋስ ሲውለበለብ ብቻ ትዝ ይለኛል።

ከወለድኩ ጀምሮ እንዲህ ነበርኩ። አገሬ ደብረ ታቦር ነው። ባለቤቴ በጂቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ኑሯችን አዳማ ሆነ። እናቴ ልታርሰኝ አስባ ነበር፣ መንገዱ አላመቻትም። ብቻዬን አጠብኩ፣ ብቻዬን አጠባሁ፣ ዳዊቴንም ሳላዛንፍ ደገምኩ። ልጄን ስይዛት ግን የሰው አደራ እንደተቀበለች ሴት ነበርኩ፤ እንዳልጥላት እጠነቀቃለሁ እንጂ አላዋራትም። ይህን ምን ብዬ እንደምናገረው ስላላወቅኩ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም።

ማግስቱ ዓርብ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ተነሥቼ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ጥርሴን በመፋቂያ ፋቅኩ። ሳሉ ሲመጣ ዋጥ አድርጌ መለስኩትና ከምላሴ ሥር ጥርት ያለ ምራቅ አጠራቅሜ ዕቃዋን ሞላኋት። እኔ ባደግኩበት ቤት አክታ ለሰው አይታይም፤ አፈር ይለብሳል። እሱን በዕቃ ይዞ ሰው እጅ ላይ ማኖር ነውር መሰለኝ። ያጠፋሁ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ተጠንቅቄ ነበር።

ላብራቶሪ ውስጥ ያለችው ሴት ዕቃዋን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችና ሳቀች።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ምራቅ ነው።»

«ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው።»

«ንጽሕናውንማ አየሁት። እኔ ግን የምፈልገው ውጊያ ላይ የዋለውን ነው።»

ከኋላዬ ተራ የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ጓንቷን እያወለቀች አስረዳችኝ። «ቆዳሽ ግንብ ነው» አለችኝ። «አፍሽ፣ አፍንጫሽ፣ ዓይንሽ ግን በር ናቸው። በር ደግሞ በግንብ አይዘጋም፤ ዘበኛ ነው የሚቆምበት። እንባውም፣ ምራቁም፣ ንፍጡም ዘበኛ ነው። ወደ ሳንባ የሚወርደው ቧንቧ ውስጡ እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ አቧራውንም ተዋሲያኑንም እንደ ሙጫ ይይዛል። ከሥሩ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። የአርሲ ስንዴ ነፋስ ሲመታው አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ እየተወዛወዙ የተያዘውን ወደ ላይ ይገፉታል። ጉሮሮሽ ሲደርስ ወይ ትተፊዋለሽ ወይ ትውጪዋለሽ፤ የተዋጠውን አብዛኛውን ጨጓራሽ ያቃጥለዋል። አንቺ የላይኛውን በር ዘበኛ ነው ያመጣሽልኝ። እኔ የምጠይቀው የታችኛውን ነው፤ ማንን እንደያዘ የሚያውቀው እሱ ነው።»

«ነገ ላምጣ?»

«ነገ ቅዳሜ ነው፣ አንሠራም። ሰኞ አምጪ።»

ቤት ስመለስ አከራዬ ግቢ ውስጥ ልጄን ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። የአርሲ ሁሩታ ሴት ናቸው፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው በኦሮምኛ «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። የሆነውን ስነግራቸው ጭናቸውን መቱ።

«ለሐኪም ምራቅ! የእናንተ የደገኞቹ ዓይን አፋርነት ሳንባችሁ ድረስ ገባ እንዴ?» ሳቃቸውን ሲጨርሱ አሰቡ። «እሑድ የልጅቷ ክርስትና አይደለም? እናንተ ቆርባችሁ ምራቅ አትተፉም ስትይኝ አልነበር? ታዲያ ሰኞ እንዴት ልትሆኚ ነው?»

እኔ አላሰብኩትም ነበር። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በቁርባን ስለሆነ፣ ልጄ በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ እኔም አብሬያት እቆርባለሁ። የቆረበ ሰው ደግሞ አይተፋም። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ቢያስለኝስ?»

«በነጠላሽ ሸፍነሽ ዋጪው፣ ልጄ። የተቀበልሽው አብሮ እንዳይወጣ ነው። ሰኞ ሲነጋ ሐኪሙ ያለሽን ታደርጊያለሽ፤ እሱንም የሰጠን እግዚአብሔር ነው።»

እሑድ ልጄ ተጠመቀች። ውኃው ሲነካት ጮኸች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ታሰረላት፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ባለቤቴ ከመንገድ ደርሶ አጠገቤ ቆሟል። እኔ ነጠላዬ እንዳይዘቀዘቅ አስተካክል ነበር። የዚያን ዕለት ሳል በመጣ ቁጥር አፌን ሸፍኜ ዋጥኩ። ስውጥ አባ ያሉኝና የላብራቶሪዋ ሴት ያለችኝ አብረው ይመጡብኛል፤ ሁለቱ አልተጣሉም። ደረቴ ከብዶኛል። ልጄን ሳጠባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር፤ ይህንንም ከጥንቃቄ ቆጠርኩት።

ሰኞ ሲነጋ ጓሮ ወጥቼ፣ ከሆዴ ሥር ስቤ ሳልኩ። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ሲወርድ የሚጎተት ነገር ወጣ። ክዳኑን ገጠምኩና ሳልሸፍነው በእጄ ይዤ ሄድኩ። ሴትየዋ ስታየው፣ «አሁን ተግባባን!» አለችኝ። «ከሰዓት በኋላ ተመለሺ።»

ከሰዓት በኋላ እትዬ ልጄን አዝለው አብረውኝ መጡ። አግዳሚው ወንበር ላይ ጭምብሌን አድርጌ፣ ከእነሱ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ልጸልይ ፈልጌ «አቤቱ» ብዬ ጀመርኩ፤ የሚቀጥለው አልመጣልኝም። ተጠራሁ። ያ የመረመረኝ ሰው ወረቀቱን እያየ፣ «ነቀርሳ የለም። የአየር ቧንቧሽ ተቆጥቷል፤ አቧራውም አብሶታል። መድኃኒት እጽፍልሻለሁ» አለኝ።

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ምንም አትሆንም። ጭምብሉንም ማውለቅ ትችያለሽ።»

እትዬ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ጮክ ሲሉ ሰው ሁሉ ዞረ። «ደስ አይልሽም፣ ኢንታላ ኮ?»

«ይላል» አልኩ። ቃሉን ያወጣሁት እሳቸውን እንዳላስቀይም ነው።

በር ላይ ልጄን ተቀበልኳቸውና ጭምብሌን አወለቅኩ። የጥር ነፋስ አቧራውን ከአስፋልቱ ዳር ጠቅልሎ አነሣና ፊታችን ላይ ደፋው። ዓይኔ ሞላ።

«አልቅሺው፣ አልቅሺው፣ ይውጣልሽ» አሉኝ እትዬ።

«አቧራ ነው፣ እትዬ።» እውነቴን ነበር። እንባው እኔን ሳይጠይቅ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ያን ጊዜ ልጄ አነጠሰች። መላ ሰውነቷ በክንዴ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ርጥበቱ አንገቴ ላይ አረፈ።

«ይማርሽ» አልኳት።

ሌላ ሰው ሳላስብ፣ ለእሷ ብቻ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ነበር። አፏን በትንሹ ከፍታ አየችኝ። እትዬ ድምፃቸውን አቅጥነው በእሷ ፈንታ «ያኑርሽ፣ እማዬ» አሉኝና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ደግማ አነጠሰች። እኔም ደግሜ አልኳት።