እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የቆየው ምሳ

ማክሰኞ፣ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል

ከኮዬ ፈጬ ስነሳ ገና አልነጋም። የኮንዶሚኒየሙ መስኮቶች አንድ በአንድ እየበሩ ነው። የአውቶቡሱ ሰልፍ ግን ቀድሞኝ ነቅቷል፤ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌዎች፣ የምሳ ዕቃ የያዙ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ቦርሳቸውን ያቀፉ ተማሪዎች። ጥር እያለቀ ነው። ነፋሱ አቧራ ያነሳል።

የዓመት ፈቃዴን ወስጃለሁ። የምሠራው ቂሊንጦ፣ አንድ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው። ሌላው ሰው በፈቃዱ ሐይቅ ዳር ይሄዳል፤ እኔ ቃሊቲ ልሄድበት ነው። ይህን የሰማች ጎረቤቴ እስካሁን ትስቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔና ልጄ ቤቲ ሞርሞኖች ነን። ቤቲ ለአንድ ዓመት ተኩል ሚስዮናዊት ሆና ጋና ሄዳለች፤ አሥራ አንድ ወር ሆናት። እዚህ ደግሞ በእሷ ዕድሜ ያሉ ሁለት የሰው አገር ልጆች ለዚያው ሥራ መጥተዋል። አስተርጓሚያቸው ታመመች ሲባል፣ ሳምንቱን አብሬያቸው ልዞር ቃል ገባሁ። የልጄን ቀን ከውስጡ ላየው ፈለግሁ። ጋና ያለች የማላውቃት እናት ለልጄ የምታደርገውን፣ እኔም እዚህ ላደርግ።

ቃሊቲ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

ልጆቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ረጅም ቀሚስ፣ ደረታቸው ላይ ስማቸው የተጻፈበት ጥቁር ባጅ። እህት ናካቶ ከኡጋንዳ ናት፤ ሳቂታ ናት፤ አማርኛ የተማረችው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከሰው ቤት ልትወጣ ስትነሳ "ወራጅ አለ" ትላለች፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እህት ራሶአ ከማዳጋስካር ከመጣች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። አማርኛዋ "እሺ" እና "ትንሽ ትንሽ" ነው። ሌላውን በእኔ የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ እንጨርሰዋለን።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይነሳሉ፤ ይጸልያሉ፤ ያነባሉ። ሁለቱ አይለያዩም፤ አንዷ ሱቅ ስትገባ ሌላዋም ትገባለች። ቤታቸው የሚደውሉት በሳምንት አንዴ፣ ሰኞ ነው። የሚሄዱትም የጠራቸው ሰው ቤት ብቻ ነው።

ዛሬ የጠራቻቸው አንዲት አራስ ናት። ስንደርስ ከአምስት ቀን በኋላ ውሃ መጥቷል። የመጣ ውሃ ስብከት አይጠብቅም። መጽሐፉ ቦርሳ ውስጥ ቀረ፤ እስከ ምሳ ድረስ ጀሪካን ስንሞላ ዋልን። አራሷ "እነዚህ ልጆች በየሳምንቱ ይምጡ" አለች። ናካቶ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቦ "ወራጅ አለ" ብላ ወጣች።

ረቡዕ፣ አቃቂ

በየወሩ ለእማማ ዘነበች የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አደርሳለሁ። የባለቤቴ እናት ናቸው። ሰፈራቸው የድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፤ ባላቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቤቲ ከሄደች ወዲህ ቤቴን አልረገጡም። አልተጣላንም። መድኃኒቱን በር ላይ ይቀበሉኛል፣ ይመርቁኛል፤ "ግቢ" የሚለው ቃል ግን ቀርቷል። የልጅ ልጃቸውን ለሰው እምነትና ለሰው አገር እንደሰጠሁባቸው ያስባሉ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ የእናቱና የሚስቱ ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው።

ዛሬ ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ ልጆቹ ሊሰብኩ ሳይሆን እኔን ሊሸኙ አብረውኝ መጥተዋል። እማማ በሩን ከፍተው እኔን አዩ፤ ከኋላዬ ሁለቱን አዩ። እንግዳ በር ላይ ማቆም ደግሞ አይሆንላቸውም።

"ግቡ" አሉ።

ራሶአ ከቦርሳዋ የወተት ብስኩት አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

"ረቡዕ አይደል እንዴ?" አሉኝ እማማ።

"አታውቅም እማማ፣ ይቅር ይበሏት።"

"ምን አጠፋች? ለማይጾምበት ቀን አስቀምጠዋለሁ በያት።" ብስኩቱን ቁም ሳጥን ላይ አኖሩት። "በሉ ቡና ላፍላ።"

"ቡና አይጠጡም።"

"ሻይስ?"

"ሻይም።"

እማማ መቀመጫቸውን አስተካከሉ። "እኔ በረቡዕ ወተት አልቀምስም፤ እናንተ ዓመቱን ሙሉ ቡና አትቀምሱም። እንግዲህ ተቀምጠን እንተያይ።"

ስተረጉመው ናካቶ ትን እስኪላት ሳቀች። ራሶአ ግን ዓይኗ ጥግ ያለው ሰፌድ ላይ ነው። ምስር ተዘርግቶበታል፤ ገና አልተለቀመም። ሳትጠየቅ ጭኗ ላይ አድርጋ ድንጋዩን መልቀም ጀመረች። አገሯ ሩዝ ስትለቅም ያደገች ናት፤ እጇን በዓይን መከተል ያስቸግራል።

እማማ አዩዋት። "ስትመጣ እናቷ ምን አለች?"

ጠየቅኳት። "አለቀሰች። ከዚያ ሹራብ ሰጠችኝ" አለች ራሶአ።

ለእማማ ነገርኳቸው። "እሁድ ምሳ ኑ። ዶሮ እሠራለሁ" አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ሳያዩ፣ "አንቺም።"

ለልጆቹ ሳልተረጉም እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ ቂሊንጦ

የጠራችን ሠራተኛ ሽፍቷ ተቀይሮ በሯ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ናካቶ ትከሻዋን ሰብቃ በየበሩ ሥር ትንሽ ወረቀት አስገባች፤ ልማዷ ነው አለችኝ። ቤቲንስ እንዲህ ተቆልፎ የጠበቃት በር ስንት ይሆን?

የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ ያየናል። ለባብሰናል፤ ወሩም የሠርግ ነው።

"ሽምግልና ነው እናቴ?"

"አይደለም። ሚስዮናውያን ናቸው።"

"የየትኛው?"

"ሞርሞን።"

"አሃ። ብዙ ሚስት የሚያገቡት?"

"ያ ድሮ ቀርቷል" ልል ስል ናካቶ ቀደመችኝ። "እኔ አንድ ባል የለም" አለች።

ሹፌሩ ባጃጁን ጥግ አስይዞ ሳቀ። ስንወርድ ሒሳቡን አልቀበልም ቢልም በግድ ኪሱ ከተትኩለት።

አርብ፣ ቃሊቲ

አርብ ጠዋት የሳምንቱን ዕቅድ ያወጣሉ። ናካቶ ደብተሯን እያገላበጠች፣ "እሁድ ምሳ፣ አቃቂ" አለችና እስክሪብቶዋ ቆመ።

"እማዬ፣ እሁድ ጾም ነው።"

በፈረንጆቹ ወር የመጀመሪያ እሁድ እንጾማለን፤ ከቅዳሜ ምሳ በኋላ እስከ እሁድ አመሻሽ እህልም ውሃም የለም። ስንት ዓመት ጾሜዋለሁ። "አንቺም" የሚለው ቃል ግን ቀን መቁጠር አስረሳኝ። የእማማ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እሁድ ከምግብ መከልከልን አትፈቅድም። እሳቸው ሲጾሙ ብስኩት ወሰድንላቸው፤ አሁን እሳቸው ሲያርዱ እኛ ልንጾም ነው።

"ብንበላስ? አምላክ ያውቃል" አለች ራሶአ በቀስታ።

ልቤ ወደዚያው አደላ። ናካቶ እጄን ያዘች። "አንቺ ትወስኛለሽ። እኛ አንፈርድም።"

ቅዳሜ፣ አቃቂ

እቅጩን ልነግራቸው ብቻዬን ሄድኩ። ቀይ አውራ ዶሮ በር ላይ ታስሯል። እማማ የሽንኩርት ክምር ፊት ተቀምጠው ዓይናቸው ያነባል።

"ቤቲ ነበረች የምትልጥልኝ" አሉ። "መነጽር አድርጋ። እንዳያቃጥላት።"

ቢላ አንስቼ አብሬ ላጥኩ። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እስኪያልቅ ስለ ጾሙ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ስወጣ ከአውራ ዶሮው ጋር ተያየን።

እሁድ፣ ሰባት ሰዓት

ከጸሎት ቤት በቀጥታ መጣን። እማማ ከቅዳሴ ተመልሰው ነጠላቸውን ገና አላወለቁም። ወጡ ገበታው ላይ ነው፤ ቅቤው ያበራል፤ እንቁላሎቹ ተደርድረዋል። የራሶአ ሆድ ጮኸ፤ ሁላችንም ሰማነው።

"ታጠቡ" አሉ እማማ።

ቆሜ ቀረሁ። "እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ጾም ላይ ነን። እሺ ስል ረስቼው ነው፤ ትናንትም ልነግርዎት መጥቼ ድፍረቱን አጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።"

"በእሁድ?"

"በእሁድ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት ምሳ።"

"ውሃም?"

"ውሃም።"

ልጆቹን አዩ። የራሶአ ከንፈር ደርቋል።

"እነዚህም?"

"እነሱም።"

ውጭ የከባድ መኪና ጡሩንባ አለፈ። በልቤ በሩን እያየሁ ነበር።

"እስከ ስንት ሰዓት?" አሉ።

"እስከ አሥራ አንድ።"

እማማ የወጡን ድስት ክዳን አንስተው ገጠሙት። ገበታውን ሸፈኑት። "እኔ ቤት ጾመኛ ገድፎ አያውቅም" አሉ። "ተቀመጡ።"

"እርስዎ ግን ይብሉ እማማ።"

"ከቅዳሴ ስመለስ ቆሎ ቀምሻለሁ፤ እኔ አልጾምኩም። እንግዳ እየጠበቅኩ ነው።"

አራት ሰዓት ጠበቅን። እማማ ፎቶ አወጡ፤ ቤቲ በሁለት ዓመቷ የአያቷን የባቡር ሠራተኛ ቆብ አጥልቃ። ናካቶ የመንታ እህቷን ፎቶ በስልኳ አሳየቻቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሶአ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እማማ በጋቢያቸው ሸፈኗት። "ይቺ ልጅ ሹራቧን የት ጥላ ነው?" አሉኝ፤ እኔ ያላስተዋልኩትን።

አሥራ አንድ ሲሆን ሰዓቱን ያሳወቁን እሳቸው ናቸው። ወጡን አሙቀዋል። እያንዳንዳችን በየቋንቋችን ጸለይን። የመጀመሪያው ጉርሻ ለራሶአ ሆነ። ከዚያ አንዱን እግር ለብቻ አውጥተው ናካቶ ፊት አኖሩ።

"ይሄ የቤቲ ድርሻ ነው" አሉ። "ብይው። እዚያም ለእሷ የሚያወጣላት ሰው አይጠፋም።"

ተረጎምኩ። ናካቶ አጎንብሳ በላች።

ስንወጣ "ወራጅ አለ" ያሉት እማማ ናቸው። ልጆቹ ባጃጁ ውስጥ እስኪገቡ ቆመው አዩ፤ ከዚያ ክንዴን ያዙ። "ቤቲ የምትደውለው ሰኞ ነው አልሽ?"

"ነገ ዘጠኝ ሰዓት።"

"መጥተሽ ውሰጂኝ።"

ሰኞ፣ ወደ ኮዬ ፈጬ

ሰኞ የልጆቹ ልብስ የሚታጠብበት ቀን ነው፤ ዛሬ አያስፈልጉኝም፣ አላስፈልጋቸውም። እማማ በነጭ ቀሚስ አንዲት ቋጠሮ ይዘው አውቶቡስ ላይ ወጡ። አንድ ወጣት ተነስቶ አስቀመጣቸው፤ እስከ ቱሉ ዲምቱ ሲመርቁት ቆዩ። ሕንፃዎቹ መታየት ሲጀምሩ መስኮቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ይሄ ሁሉ ጤፍ ነበር" አሉ። "እዚህ መጥቼ ነበር የምሸምተው።"

ቤቴ አራተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ላይ አረፉ። ሦስተኛው ላይ ግድግዳውን ተደገፉ። "እዚህ የሚኖረው ሰው ነው ወይስ እርግብ?" አሉኝ። እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ ክንዳቸውን ደገፍኩ። በሩን ከፍቼ "ይግቡ እማማ" አልኩ። ገቡ።

ቋጠሯቸውን ፈቱ። የራሶአ የወተት ብስኩት ነው። "ሰኞ አይደል" ብለው አንዱን ቆርሰው ሰጡኝ።

ስልኩ ጮኸ። ቤቲ ታየች፤ ጥቁር ባጇ፣ ከኋላዋ የጋና ፀሐይ። እኔን ጠብቃ ነበር።

"እማማ? የት ሆነሽ ነው?"

"እናትሽ ቤት" አሉ እማማ፣ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው። "ደረጃው አደከመኝ። አንቺ በልተሻል?"