የእማማ አበጁን ስልክ የከፈትሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኋትም። የንስሐ አባቴ ቤቴ ሲመጡ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝራለሁ፤ ይህችን ግን ዘልዬ አልፋለሁ። ዛሬ መሸሸጊያው አልቆብኛል። የምታነቡት ሰዎች ፍረዱኝ፤ ብቻ እስክጨርስ ስሙኝ።

ወረታ ላይ ስልክ እጠግናለሁ። የፎገራ ሜዳ ውስጥ ያሉ መንደሮች ብዙዎቹ መብራት የላቸውም፤ ስለዚህ በገበያ ቀን ሰዉ ስልኩን እኔ ዘንድ ጥሎ ይሄዳል፤ ገበያውን ጨርሶ ሲመለስ ቻርጅ አድርጌ እሰጠዋለሁ። የምስጢር ቁጥሩን ማንም አይነግረኝም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ መቼ አስፈልጎኝ! ያገሬ ሰው ቁጥር አውጣ ሲባል የሚያወጣው የሚዘክረውን ታቦት ቀን ነው። በጊዮርጊስ የሚምል ሰው ስልኩ በሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ይከፈታል። የሚካኤል ማኅበርተኛ ከሆነ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት። ቆሞ ሲከራከር በማን እንደሚምል መስማት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ይህን የደረስሁበት ቀን ለብቻዬ ስቄያለሁ።

እማማ አበጁ ሩዝ አምርተው የሚኖሩ የፎገራ ሴት ናቸው፤ የሱቄ ደንበኛ ከሆኑ ብዙ ጊዜያቸው ነው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ይታይሽ። ባሏ ሲደበድባት ኖሮ አንድ ክረምት ሜዳው ውኃ እንደተኛበት ጥላው ጠፋች። የት እንደገባች የሚያውቅ አልተገኘም።

ባሏ አብሮ አደጌ ነው። አንድ የገበያ ቀን ሱቄ መጥቶ ተቀመጠና «አንተ የማትከፍተው ስልክ የለም ይሉሃል፤ እውነት ነው?» አለኝ። የእማማ አበጁ ስልክ በዚያች ሰዓት መደርደሪያው ላይ ነበር። እሱም አይቶታል። ገንዘብ አልሰጠኝም፤ አላስፈራራኝም። ምክንያት ፍለጋ እንዳትደክሙልኝ ነው ይህን የምለው። እችላለሁ ለማለት ነው የከፈትሁት። ጉራ ነው፤ ባዶ ጉራ! ይታረቃሉ ብዬ ነው ብል ማን ይከለክለኛል? ግን ውሸት ነው። ፊቷ አብጦ በሱቄ በር ስታልፍ በዓይኔ አይቻታለሁ።

እማማ አበጁ የሚምሉት በኪዳነ ምሕረት ነው። አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ብዬ ነካሁት፤ ተከፈተ። እኔ ከፈትሁት። ማንበብ ስለማይችሉ ልጃቸው መልእክት የምትልክላቸው በድምፅ ነበር። የመጨረሻውን ተጫንሁት።

«እማየ፣ አንበሳሜ ገብቻለሁ። ከገበያው በታች ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ተከራይቻለሁ። ደኅና ነኝ፤ አታልቅሽ። ላንች ብቻ ነው የነገርሁሽ፤ ላንድም ሰው እንዳታወጭ።»

ባሏ ድገመው አለኝ፤ ደገምሁለት። ከዚያ ስልኩን ወልውዬ ቦታው መለስሁት። እማማ አበጁ ሲመጡ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው፤ «ተባረክ ልጄ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ሰውየው በሐሙሲት አድርጎ አንበሳሜ ገባ። ቀኝ እጇን በዱላ ሰበረው። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሰዎች ባይደርሱላት ኖሮ ይገድላት ነበር። እሱ ታሰረ። እኔን የጠየቀኝ የለም። እጇ ዛሬም አይታጠፍም፤ እንጀራዋን በግራዋ ነው የምትቆርስ አሉ።

ምነው በዚህ ባበቃ! ይታይሽ ያለችበትን የነገረችው ለእናቷ ብቻ ነው፤ እናቴ አወጣችኝ ብላ ቆረጠች። ስልኳን ቀየረች፤ እናቷ ደጅ ድረስ ቢሄዱ አላስገባቻቸውም። እማማ አበጁ እያለቀሱ ሱቄ መጡ። «አንተ ታውቃለህ ልጄ፤ ይኸን ዕቃ ሌላ ሰው ገብቶበት ይሆን?» አሉኝ። ያኔ መናገር እችል ነበር። አፌን ምን ያዘው? «የለም እማማ፤ ስልክ እንዲህ በዋዛ አይከፈትም» አልኋቸው። «እንግዲያማ ሳላውቀው ካፌ አምልጦኝ ይሆናላ፤ እርጅና ነው» ብለው ወጡ። ልጃቸውን ነጠቅኋቸው፤ ቀጥዬ በገዛ ልባቸው ላይ እምነት አሳጣኋቸው።

ከዚያ ወዲህ መካሪ ሆኛለሁ። የታቦት ቀን አታድርጉ፣ የልደት ቀንም አታድርጉ፣ ማንም የማይገምተው ስድስት ቁጥር አውጡ እላለሁ። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ መልእክት ፊቱ ላይ እንዳይነበብ እዘጋላቸዋለሁ። መልእክታችሁ በሌላ ሰው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ እንደሆነ በየጊዜው እዩ፤ ሁለተኛ መቆለፊያ ጨምሩበት፤ ያላችሁበትን ቦታ የሚያሳየውን አጥፉት፤ ምስጢር ያለበትን ድምፅ ሰምታችሁ ደምስሱ እላለሁ። ለጠጋኝም ቢሆን፣ ለእኔም ቢሆን፣ ክፍቱን አትስጡ። ሰዉ ያመሰግነኛል። የእማማ አበጁን ቁጥር ግን አላስቀየርሁም፤ አስቀይሩ ብላቸው ለምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

አሁን እማማ አበጁ አልጋ ላይ ናቸው። ሐኪም ቤት ወስደዋቸው ነበር፤ ወደ ቤት መልሷቸው ተብሎ ተመለሱ። ይታይሽ ተልኮባት አልመጣም ብላለች። ዛሬ ጠዋት አስጠሩኝና የልጃቸውን አዲስ ቁጥር ከጎረቤት አግኝተው ድምፃቸውን ቀርጬ እንድልክላቸው ለመኑኝ። ስልኩን አፋቸው አጠገብ ያዝሁላቸው። «ልጄ፣ ተናግሬ ከሆነ ይቅር በይኝ» አሉ። እኔ ባጠፋሁት እሳቸው ይቅርታ ሲለምኑ ስልኩን ይዤ ቀረጽሁ! ያኔም አልተናገርሁም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ያንን ድምፅ አልላክሁትም፤ ላልሠሩት በደል ይቅርታ ጠይቀው እንዲሞቱ ማድረግ አቃተኝ። ሱቄን ዘግቼ የራሴን ድምፅ ቀረጽሁ።

«ይታይሽ፣ የወረታው ስልክ ጠጋኝ ነኝ። እናትሽ አላወጡሽም። ስልካቸውን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ድምፅሽን ለባልሽ ያሰማሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁኝም የዋሸኋቸው እኔው ነኝ። ይቅር በይኝ አልልሽም። ብቻ በሕይወት ሳሉ ድረሽላቸው።»

ልኬዋለሁ። አሁን ለእሳቸውም ልነግራቸው ወደ ቤታቸው እየሄድሁ ነው። ይታይሽ ገና አልሰማችውም።