ቆርቆሯችን ከሰማይ ይታያል

ከፒያሳ በወጣንበት ምሽት እናቴ የቤቱን በር ቆለፈችው። በሩ በማግስቱ እንደሚነቀል፣ ግድግዳውም ጣሪያውም አብረው እንደሚሄዱ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እሷም ታውቃለች። የጭነት መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ፣ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እማማ፣ መሸ እኮ!» እያለ ይጮኻል። እሷ ግን ቁልፉን ሁለቴ አዞረች፣ በሩን ገፋ ገፋ አድርጋ መያዙን አረጋገጠች፣ ከዚያም ቁልፉን መሐረቧ ጫፍ ላይ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

«እማዬ፣ ሊፈርስ ነው እኮ። ምኑ ይቆለፋል?» አልኳት።

«እስኪፈርስ ድረስ ቤት ነው። ክፍቱን ትቼው ልሂድ? ሌባ ቢገባስ?»

ለእናንተ ፒያሳ ለቀራችሁና በየኮንዶሚኒየም ሳይቱ ለተበተናችሁ ነው የምጽፈው። ስደት ስል የሚስቁብኝ አሉ። ፓስፖርት አላወጣሽ፣ ባሕር አልተሻገርሽ፣ ከአራዳ አራብሳ ሄደሽ ምን ስደት ትያለሽ ይሉኛል። እነዚህ ሰዎች በክረምት ጠዋት ከአራብሳ ፒያሳ ለመምጣት ታክሲ ተሰልፈው አያውቁም።

ያን ምሽት ከመኪናችን ጎን ሌላ መኪና ቆሞ የእትዬ ዘይነባን ዕቃ ይጭናል። እትዬ ዘይነባ የወሎ ሰው ናቸው። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ከእናቴ ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። በዚያ ግድግዳ ያላለፈ ወሬ የለም። አንድ ጊዜ ኳ ሲል «ነይ» ማለት ነው። ኳ ኳ ኳ ሲል ደግሞ «ምጣዱን ጥደሽም ቢሆን ነይ፣ ጉድ አለ» ማለት ነው። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ «እደውልልሻለሁ አሰገደች»፣ «እኔም እደውልልሻለሁ» ተባባሉ፣ ከዚያ አንዱ መኪና ወዲህ ሌላው ወዲያ ሄደ።

ምኒልክ አደባባይን አልፈን አራት ኪሎ ስንደርስ እናቴ ድንገት ቀና አለች።

«የዘይነባ ስልክ ቁጥር አለሽ?»

«የለኝም። አንቺ የለሽም?»

«እኔ ምን ያደርግልኛል? ግድግዳ አለን አይደል!»

ያን ሁሉ ዘመን ጎን ለጎን ኖረው ቁጥር ያልተለዋወጡ ሁለት ሴቶች የትም ብትሄዱ አታገኙም። እትዬ ዘይነባ ስልክ ቢኖራቸውም አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የሚውለው። ሰፈርተኛው ሁሉ ሲፈልጋቸው በእናቴ በኩል ነበር የሚያስጠራቸው። ስለዚህ ማንንም ብንጠይቅ መልሱ አንድ ሆነ፦ «ቁጥሯ እናንተ ጋ አይደለም እንዴ?»

አያት ሰፈርን ስናልፍ እናቴ በጨለማው ውስጥ ተመለከተችና «ደብረ ብርሃን ደረስን?» አለች። ሾፌሩ እየሳቀ «ገና ነው እማማ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነን» አላት። አላመነችውም። እኔም ብሆን አላመንኩትም።

የአራብሳ ነፋስ ሰው ያስተዋውቃል፤ የማታውቁት ሰው የታጠበ ልብስ በረንዳችሁ ላይ ያርፋል። ማኪያቶ ስታዙ የሚመጣላችሁ ወተት ነው፤ ቡናውን ከሩቅ አሳይተውት ነው መሰለኝ የሚመልሱት። ቋንቋውም ሌላ ነው። ሰፈር የለም፣ ሳይት ነው። ግቢ የለም፣ ብሎክ ነው። አንድ ሰው ዳቦ ይዞ ሲወጣ የት ልትሄድ ነው ብትሉት «አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» ይላል።

ግን ይህ ሁሉ ይለመዳል። ያልተለመደው ግድግዳው ነው። አንድ ጠዋት እናቴ ሽሮ ጥዳ፣ ጨው ማለቁን ስታይ፣ እጇ ሳታስበው ሄዶ ግድግዳውን ኳ አደረገ። ወዲያ ማዶ የምትኖረው ወጣት ባንክ ቤት ነው የምትሠራው። ዝም አለች። እናቴ አልሰማችኝም ብላ ኳ ኳ ኳ አደረገች። ከሰዓት በኋላ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ኮቱን ለብሶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ በራችን ላይ ቆመ።

«እማማ፣ ግድግዳ ይደበደባል የሚል አቤቱታ ደርሶናል።»

«ማን ደበደበ? አንኳኳሁ እንጂ።»

«ለምን ዓላማ?»

«ለጨው።»

«ጨው ከፈለጉ በር አለ፤ በር አያንኳኩም?»

«በር ካንኳኳሁማ እንግዳ ሆንኩ።»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። አላገዝኩትም።

«ግድግዳው የጋራ ንብረት መሆኑን ይወቁልን» አለ።

«የጋራ ከሆነማ የነካሁት የእኔን ግማሽ ነው። በዚህ በኩል ያለውን።»

ለዛሬ በቃል ማስጠንቀቂያ አልፈናችኋል ብሎ ሄደ። እኔ እስኪወጣ ታግሼ ሳቄን ለቀቅሁት። እናቴ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አለች። እናቴ ብቻዋን ስትሆን እንኳን ከድስቱ ጋር የምታወራ ሴት ናት። አሁን ምሳዋን ቀማምሳ ትተወዋለች፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች። ምን ሆንሽ ስላት «ምንም» ትለኛለች። ፈራሁ፣ እውነቴን ነው። እትዬ ዘይነባን ካላገኘሁላት እናቴ እዚያው ሶፋ ላይ ከፊቴ የምትጠፋ መሰለኝ።

የእኔ ሥራ ዌብሳይት መሥራት ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልሥራ አልኩ፤ የተበተነውን ሰፈር የሚሰበስብ ካርታ። በሙያው ማሽአፕ ይባላል። ለእናቴ በስፕሪስ ጭማቂ አስረዳኋት።

«አቮካዶው ከአንድ ቦታ፣ ማንጎው ከሌላ፣ ፓፓያው ከሌላ ይመጣ የለ? እኔም ካርታውን ከአንድ ኩባንያ፣ ፎቶና ቪዲዮውን ከሌላ፣ ድምፁን ከሌላ አመጣና አንድ ላይ አደርጋለሁ። ኩባንያዎቹ ኤፒአይ የሚባል አላቸው፤ እንደ ሱቅ መስኮት በይው። ውስጥ አትገቢም። ውጭ ቆመሽ ካርታ ስጡኝ ስትያቸው በመስኮት ያቀብሉሻል።»

«ታዲያ ያንቺ ምኑ ነው?»

«ብርጭቆው።»

«ብርጭቆ ልትሠሪ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ?»

መጀመሪያ ሰዎች አድራሻቸውን ጽፈው ካርታው ራሱ እንዲፈልጋቸው ነበር ያሰብኩት። ሞኝ ነኝ። የእኛ ሰው አድራሻ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ቅያሱን ይዘሽ ስትገቢ፣ ውሻ ያለበትን አልፈሽ» ነው። ይህን ጽፌ ብልከው ካርታው ጥቂት አስቦ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ያለ ዳቦ ቤት አሳየኝ። ስለዚህ ጽሑፉን ትቼ ከሳተላይት የተነሣውን ፎቶ አስገባሁ፤ እያንዳንዱ ያለበትን ቦታ በጣቱ ነክቶ ምልክት ያኑር፣ ከፈለገ ፎቶ ወይም ድምፅ ይጨምርበት አልኩ። ሊንኩን የሰፈራችን ሰዎች ባሉበት ግሩፕ ላይ ለቀቅሁት።

በማግስቱ ከፈትኩት። ከኮዬ ፈጬ እስከ ጀሞ የተበተነ ሰፈር አያለሁ ብዬ ነበር። አራብሳ ላይ ብቻዬን ቆሜአለሁ። የቀረው ሰው ሁሉ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ከፍ ብሎ፣ የድሮ ቦታው ላይ ተደራርቦ ሰፍሯል። ኮዱን ተበላሸ ብዬ ስመረምር ዋልኩ። ምንም አላገኘሁበትም። በመጨረሻ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ለነበሩት ለጋሽ ተክሌ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አሁን የሚኖሩበትን ነበር እኮ ያልኩት።»

«አየሁት እኮ! ቤቴን አየሁት! ቆርቆሮው ላይ ያለው ጎማ እንኳን አልተነሣም። ቤቴን እያየሁ ሌላ ሰው ቤት ላይ ምልክት ላድርግ?»

ያኔ ገባኝ። የሳተላይቱ ፎቶ አሮጌ ነው። ሰፈራችን ከምድር ከተነሣ ወዲህ ማንም ከሰማይ አላነሣውም። ካርታው ላይ ሁላችንም ገና አለን፤ ቆርቆሮው ዝጎ፣ ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቶ። ይህን እያየ ኮንዶሚኒየሙ ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ የአራዳ ሰው ከየት ይመጣል?

«አሁን ከደወልሽ አይቀር፣» አሉ ጋሽ ተክሌ፣ «ያ ጎረቤቴ የነበረው ሰውዬ ምልክቱን ግቢዬ ውስጥ ተክሏል። አጥሩን ድሮም ገፍቶኝ ነበር። ንገሪው፣ ይመለስ።»

አጥሩ የለም። ግቢውም የለም። ቢሆንም ምልክቱን ወደ ግራ ትንሽ ገፋ አደረግሁላቸው፤ ረክተው ስልኩን ዘጉ።

ካርታው ለታሰበለት ሥራ ከሽፏል ብዬ ስነጫነጭ እናቴ «እስቲ አሳዪኝ» አለች። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ፈለገች። ድንገት ጣቷን ስክሪኑ ላይ ተከለች። ማዕድ ቤታችን ላይ የዘረጋነው ሰማያዊ ላስቲክ፣ ነፋስ እንዳይወስደው የጫንበትም ድንጋይ። «ድንጋዩ አለ!» አለች፣ ድምፅዋም የድሮ ድምፅዋ ነበር። ያን ቀን ምሳዋን ጨርሳ በላች። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ቤቴን ክፈቺልኝ ትለኝ ጀመር።

ከቀናት በኋላ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ቆርቆሮ ላይ አዲስ ምልክት በቀለ። ስም የለውም፣ ስልክ የለውም፤ ድምፅ ብቻ አለው። ነካሁት። አንድ ጊዜ፣ ኳ።

እናቴ ከወጥ ቤት ሮጣ ወጣች። ስልኩን ከእጄ ነጠቀችና ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ አጠገቡ ኳ ኳ ኳ አደረገች።

«እማዬ፣ አይሰሙሽም እኮ። ተቀድቶ ነው።»

«ዝም በይ፣ ትሰማኛለች» አለች፤ እያለቀሰች ነበር።

ቀዳሁላት። የራሷን ምልክት ቤታችን ላይ አኖርንና በድምፅዋ እንዲህ አለች፦ «ዘይነባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። ነይ።» የትኛው ቤት እንደሆነ አልተናገረችም። ልነግራት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ቅዳሜ ሄድን። ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የተላጨ ሣር፣ አግዳሚ ወንበርና የመብራት ምሰሶ ሆኗል፤ ያምራል፣ አልዋሽም። ስልኬ ላይ ያለንበትን የምታሳየውን ሰማያዊ ነጥብ እየተከተልኩ እናቴን ወደ ቆርቆሯችን መራኋት። «እዚህ ጋ በሩ ነው» ስላት ጎንበስ ብላ ገባች፤ የድሮው በራችን ዝቅተኛ ነበር። ዘበኛው ሮጦ መጣ።

«እማማ፣ ሣር ላይ መቆም ክልክል ነው!»

«የቱ ሣር? ጓዳዬ ነው።»

«ጓዳ አይታየኝም።»

«አንተማ እንዴት ይታይሃል፣ ዛሬ ገና መምጣትህ!»

ስልኬን አሳየሁት። ሣሩን አየ፣ ቆርቆሮውን አየ፣ እንደገና ሣሩን አየ። «ታዲያ አበባውን እንዳይረግጡ» ብሎ ራቅ አለ።

ብዙ ቆየን። እናቴ መንገደኛውን ሁሉ ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ። ባይመጡ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ከዚያ ከጀርባችን፣ ከመብራት ምሰሶው በኩል፣ ብረት በቀለበት ሲመታ ተሰማ። ኳ። እትዬ ዘይነባ ከእኛ ጥቂት እልፍ ብለው፣ በትክክል የእሳቸው ቤት የነበረበት ላይ ቆመዋል። ሳይጠሩ አይገቡም ነበር፣ ዛሬም አልገቡም።

«ነይ!» አለች እናቴ።

ተቃቅፈው ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ዘበኛው ፊቱን አዙሯል፣ እኔም አዞርኩ። ይህን ግን አልረሳሁም፦ ከመለያየታቸው በፊት ሁለቱንም አስቁሜ ስልክ ቁጥር አስለዋወጥኩ። የእትዬ ዘይነባ ስልክ እንደ ልማዱ ኮዬ ፈጬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ካርታውን በራሱ ስልክ የሚከፍትላቸው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ቁጥራቸውን ያጻፉኝ በልባቸው ነው።

በቅርቡ አንድ ጠዋት እናቴ ቤቴን ክፈቺልኝ አለችኝ። ከፈትኩት። ኩባንያው ፎቶውን ቀይሮታል። ላስቲኩ የለም፣ ድንጋዩ የለም። የሰፈራችን ሰዎች ምልክቶች ባዶ መንገድ ላይ ተደርድረው ታክሲ የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ጋሽ ተክሌ መሀል አስፋልት ላይ ናቸው። እናቴ በጣቷ ከወዲያ ወዲህ ፈለገች።

«መልሺው» አለችኝ።

«አልችልም እማዬ። ብርጭቆው ብቻ ነው የእኔ።»

ስልኩ ጮኸ። እትዬ ዘይነባ ነበሩ፣ ድምፃቸው በክፍሉ ሁሉ ይሰማል። እዚያ ሣር ላይ የቆሙት፣ ያን ምሰሶ ያንኳኩት ራሳቸው ናቸው፤ ግን ዛሬ ገና እንደሰማ ሰው ያለቅሳሉ።

«አሰገደች፣ ቤታችን ፈረሰ!»

እናቴ ተነሥታ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ መዳፏን አሳረፈችበት፤ አላንኳኳችም። ሌላ እጇን ደረቷ ውስጥ አስገብታ መሐረቧን ፈለገች።

«አይዞሽ ዘይነባ፣» አለች። «ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው።»